ያልለመነችኝ አስተናጋጅ

እናንተዬ፣ አውሮፕላን ላይ የሆንኩትን ልንገራችሁ፤ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። ካናዳ ወዳለችው ልጄ ስሄድ ነው፤ ብቻዬን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። መቼም እኛ ሰፈር፣ አቃቂ፣ ሰው ቤት ገብተህ ምግብ ሲቀርብልህ መጀመሪያ "አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት" ትላለህ። ባለቤቲቱ "በሞቴ!" ትላለች፤ እምቢ ትላለህ፤ ትቆጣለች፤ ያኔ ትበላለህ። እንዲህ ነው ያደግነው። እና ፈረንጇ አስተናጋጅ ጋሪዋን እየገፋች መጥታ "ቺክን ኦር ፓስታ?" ስትለኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ኖ፣ ቴንኪው" አልኳት። እስክትለምነኝ ስጠብቅ፣ ፈገግ ብላልኝ ጋሪዋን ይዛ አለፈች!

መንገዱ አያልቅም፤ ሆዴ ይጮሃል። ጠርቼ እንዳልጠይቃት ይሉኝታ ያዘኝ፤ እምቢ ያልኩትን ምግብ ምን ብዬ? አጠገቤ የተቀመጠው ፈረንጅ በልቶ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ያልነካት አንዲት ዳቦ ትሪው ላይ ቀርታለች። ግራ ቀኝ አየሁና አነሳኋት። ገና አንዴ ስገምጣት ሰውየው ዓይኑን ገለጠ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ፤ እዚያ ሰማይ ላይ መሬት ከየት ይምጣ! እሱ ግን ትሪው ላይ የነበረችውን ትንሽ ቅቤ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት።

እኔ ጉደኛው፣ በሰረቅኩት ዳቦ አፌ እንደሞላ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ኖ፣ ቴንኪው" አልኩት።

ቅቤዋን ወደ ራሱ መለሳትና ተኛ።