የሽክርክሪቱ መውጫ

ከባለቤቴ ጋር ከዊንጌት በውይይት ታክሲ ስንሄድ፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት በሰፈሩ መናፈሻ ስላለው፣ ሰው ተቀምጦ ስለሚዞርበት አሮጌ ሽክርክሪት ይከራከሩ ነበር። ቀበሌው የመውጫውን የጣውላ መረማመጃ አንስቶ ሲሚንቶ ሊያደርገው ነው ተብሏል።

“ሽክርክሪቱን ይቀቡት፤ መውጫውን ግን እንዳይነኩት!” አለ ሰውዬው።

“በስብሷል እኮ ወንድሜ! ሰፊው ሕዝብ እየወደቀ ነው። የጫማዬ ተረከዝ እዚያ ነው የቀረው።”

“መወዛወዙ እኮ ነው ጣዕሙ፣ እህቴ። ዞሮብሽ ትወርጃለሽ፤ ጣውላው ደግሞ ይጨምርልሻል።”

“ሲሚንቶ ላይ አይዞርብህም?”

“ይዞርብኛል፤ ግን ማን ማንን ይደግፋል? እኔ ሚስቴን ያገኘኋት እዚያ ነው። ልትወድቅ ስትል ክንዴን ያዘች።”

“ወዳህ?”

“ኧረ ዞሮባት ነው።”

“አሁንስ?”

ሰውዬው ክንዱን አየት አደረገ።

“እስካሁን አልለቀቀችኝም።”

“በቃ፣ ዛሬውኑ ሲሚንቶ ይሁን!” አለች ሴትየዋ። “የእኔም ባል ዞሮበት የተደገፈኝ እዚያው ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደተደገፈኝ አለ!”

ታክሲው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

እዚያው ጣውላ ላይ የተዋወቅነው እኔና ባለቤቴ ግን ጳውሎስ እስክንደርስ ድረስ፣ እንዳንተያይ እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል መንገድ መንገዱን እናይ ነበር።