በጎን የተነሳ ፎቶ

ከዘመሮ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ተማሪና ጋቢ የለበሱ እናት ከጎኔ ተቀምጠዋል። ወሬውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«ምን ትማራለህ ልጄ?»

«ባዮሎጂ ነው እማማ። ቆንጆ የምንለውን ሰው ለምን ቆንጆ እንደምንለው ሁሉ ያስተምሩናል።»

«ለምንድን ነው?»

«ግራና ቀኝ ፊቱ እኩል የሆነ ሰው ጤነኛ ይመስለናል። ጥንት ጤነኛውን የመረጠ ልጆቹ አደጉለት፤ ዓይናችን ያንን ወርሶ ቀረ ይላሉ።»

«በግ ስንመርጥ ላቱን እንደምናየው ነዋ። ላቱ የወፈረ ክረምቱን ይችላል።»

«ልክ እንደሱ።»

እናትየዋ ከጉያቸው ፎቶ አወጡ።

«ልጄ ናት። የፈለጋት ሰው ደብረ ብርሃን ነው የሚሠራው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ፎቶዋን ልይ አለ። በልጅነቷ ታማ ግራ ፊቷ ጠመም ብሏል። በቀኝ ጎኗ አስነሳኋት።»

«አሁን ጤነኛ ናት አይደል?»

«ገብስ ስታጭድ ውላ ወገቤን አትልም። አንተ እንዳልከው ከሆነ ግን ዓይን ይህን አይጠይቅም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ የተማርኩትን ነው ያወራሁት።»

«እንካ፣ ምንም እንዳልነገርኩህ አድርገህ፣ እንደዚያ ሰው ሆነህ እያት።»

ፎቶውን ሲቀበላቸው እኔ ያየሁት የእሱን ፊት ነው።