በየሺዓለም እጅ

— ሄሎ... አዎ፣ ጤና ጣቢያ ነው። ማን ልበል?... ካላዩ። የፒያሳው ወርቅ ቤት... እሺ፣ ምን ልታዘዝ?

— ለተክርስቶስ? አዎ፣ ለምርመራ መጥታለች። ባለቤትዎ ናት... ትንሽ ጮክ ይበሉ፣ መስመሩ ይንጫጫል... ማን እንዳይነካት?... ሲስተር የሺዓለም።

— አዳነች፣ እስቲ በሩን ገርበብ አድርጊልኝ... ሄሎ፣ አለሁ። ለምን አትንካት?... መካን ስለሆነች ትቀናለች። ዓይኗ ይፈራል... እናትዎ ናቸው ያሉት ወይስ እርስዎ?... አሃ። ሁለታችሁም።

— ካላዩ፣ እኔ ነኝ። የሺ... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ሳትፈታኝ በፊት ስንት ዓመት ባልና ሚስት ሆነን ከአንድ መሶብ በልተን ድምፄ ጠፋብህ?

— አትጩህብኝ! መርምሬያታለሁ፣ አልቋል። ሐኪሙን ቀበሌዎች ለውይይት ክበብ ስብሰባ ወስደውታል፤ ዛሬ ያለሁት እኔው ነኝ... አዎ፣ በዚሁ እጄ።

— ፀንሳለች።

— በምን አወቅሽ?... የሽንት መመርመሪያውማ ካለቀ ከረመ። በእጅም ይታወቃል እኮ... የማኅፀን አፍ በሌላ ጊዜ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠጠር ይላል፤ የሷ እንደ ከንፈር ለስልሷል። ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ማኅፀኗ ራሱ ሞላ ብሏል... ገና ለጋ ነው። አንተን አፍራ ነው እንጂ እሷ በነገረችህ። «ደውሎ ከጠየቀ አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ።

— አዎ፣ ቀናሁ! ምን እዋሽሃለሁ? ያንን ልስላሴ በገዛ ገላዬ ባገኘው ብዬ ስንት ጠበል እንደጠጣሁ አንተ ታውቃለህ። ቅናት አንገበገበኝ። መታጠቢያው ጋ ቆሜ አለቀስኩ... ክፉ ዓይን ግን አላሳረፍኩባትም።

— ማን? እሷ? ታውቃለች እንጂ። ማን እንደሆንኩ እያወቀች ነው የመጣችው... እናትህ ሳይሰሙ! የሰፈሩ ሴቶች «የሺ እጇ ገር ነው» ብለዋት።

— ቆይ፣ አልጨረስኩም። አልጋው ላይ እንዳለች እጄን ለቀም አድርጋ «ስወልድ ካንቺ በቀር ማንም እንዳይነካኝ፣ በማርያም ማይልኝ» አለች... እኔ ምን አልኩ?

— ማልኩላት።

— ለእናትህ እንዴት እንደምትነግራቸው አንተ እወቅበት። አሁን ሱቅህን ዝጋና መጥተህ ውሰዳት፤ ያዞራታል፣ ዳገቱን በእግሯ እንዳትወጣ... እሺ። ዘጋሁ።