ሽርሽሩ እንዳይበላሽ

(ጣልያን አገር፤ ገደል ላይ የተሠሩ ሁለት የባሕር ዳር መንደሮችን የሚያገናኝ ቀጭን የእግር መንገድ፤ ረፋድ። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጡት ባልና ሚስት፣ አንዳርጌና ትርሲት፣ ሽቅብ እየወጡ ነው፤ ቦርሳውን ያዘለችው እሷ ናት።)

አንዳርጌ፦ ስልኬን ስጪኝ አልኩሽ እኮ።

ትርሲት፦ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ይቺን ዳገት እንጨርስ።

አንዳርጌ፦ ጠዋት ሻወር ቤት ሆኜ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። አንስተሽ ስታወሪም ሰምቻለሁ። ማን ነው የደወለው?

ትርሲት፦ እህትህ።

አንዳርጌ፦ ስንዱ? ምን አለች?

ትርሲት፦ ባሕሩን እየው እስቲ። ቤቶቹ ገደሉ ላይ ተለጥፈው፣ ቢጫው፣ ሮዙ። ለዚህ አይደል ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው?

አንዳርጌ፦ እኔ ስለ ቤት ቀለም አልጠየቅኩሽም። እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ "ደህና ናት፣ ሂዱ" ባይል እግሬን አላነሳም ነበር። ስንዱ በማለዳ ደውላ አንቺ ዝም ትያለሽ። እናቴ ምን ሆነች?

ትርሲት፦ አሁን ብነግርህ ሽርሽርህ ይበላሻል።

አንዳርጌ፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ የአንተው ቃል ነው። ዛንዚባር ለጫጉላ የሄድን ጊዜ፣ አባቴ ሞቶ፣ የእኔን ስልክ "ጠፋ" ብለህ ደብቀህ፣ ዓሣ ስታጎርሰኝ ሰነበትክ። በኋላ "ለምን?" ብልህ፣ "ሽርሽርሽ እንዳይበላሽ ብዬ" አልከኝ።

አንዳርጌ፦ ያ ነገር በሽማግሌ አልቋል። እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ፤ አንቺም ይቅር ብለሽኛል።

ትርሲት፦ ይቅር ያለህ አፌ ነው። ሽማግሌዎቹም ምሳ እንዳይቀዘቅዝባቸው ቸኩለው ነበር።

አንዳርጌ፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ስትስሚ ምን ብለሽ ነበር የምትጸልዪው?

ትርሲት፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውንም ጨምርበት።

አንዳርጌ፦ እኔ እኮ ክፉ አላሰብኩም። መርዶ ዘመድ በሌለበት፣ በሰው አገር አይነገርም። አገሯ ስትገባ፣ በማለዳ፣ ወገን ተሰብስቦ ይንገራት አልኩ። ወጉ ነው።

ትርሲት፦ ወጉ ሐዘንተኛ ብቻውን ሆኖ መርዶ አይስማ ይላል እንጂ አባቱን ሳይቀብር ይቅር አይልም። እኔ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ እየተጫነ ነበር። ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ፣ እኔ ገና ስጀምር "በቃ ልጄ፣ በቃ" ይሉኛል። ምኑ ነው የሚበቃኝ? ለዚያ እጠላሃለሁ፣ አንዳርጌ። እስከ ዛሬ ፊት ለፊት ብዬህ አላውቅም፤ ይኸው አልኩህ።

አንዳርጌ፦ ጥይኝ። ብቻ ንገሪኝ። ሞታለች?

ትርሲት፦ ተራመድ።

አንዳርጌ፦ አንድ እርምጃ አልራመድም፤ እዚሁ ንገሪኝ።

ትርሲት፦ ላይኛው መንደር ስንደርስ እነግርሃለሁ።

አንዳርጌ፦ በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ።

ትርሲት፦ አባቴን በአፍህ አትጥራው።

አንዳርጌ፦ እሺ፣ አልጠራውም።

ትርሲት፦ ፈቀቅ በል፣ ከላይ የሚወርዱት ሰዎች ይለፉ። እንባህንም ጥረግ፤ አንዷ ሴትዮ አዝናልህ ውኃ ልትሰጥህ ነው።

አንዳርጌ፦ ትዘንልኝ። አንቺ ካላዘንሽልኝ እሷ ትዘንልኝ። እንዲህ ነበር እንዴ ያን ጊዜ?

ትርሲት፦ ይብስ ነበር። አንተ ቢያንስ ጠርጥረሃል። እኔ አባቴ አፈር ሲለብስ ባሕር ውስጥ እየሳቅሁ ነበር።

አንዳርጌ፦ ይኸው መንደሩ። ይኸው ደረስን። በይ ተናገሪ።

ትርሲት፦ እናትህ አልሞቱም።

አንዳርጌ፦ እውነትሽን ነው?

ትርሲት፦ ግን ደክመዋል፤ ስንዱ "ፈጥኖ ይድረስ" ነው ያለችኝ። ትኬትህን ጠዋት አንተ ስትለባብስ ቆርጫለሁ። ባቡር ጣቢያው ከዚህ መንደር ሥር ነው፣ መንገዱም ይሄው ዳገት ብቻ ነው፤ አንዲት ደቂቃ አላባከንኩብህም። ማታ አውሮፕላን ላይ ነህ። እንካ ስልክህን፣ ይኸውና ፓስፖርትህ።

አንዳርጌ፦ እግዜር ይስጥሽ። ይህን ለእኔ ማድረግ አልነበረብሽም።

ትርሲት፦ ለአንተ አይደለም። ለእሳቸው ነው።

አንዳርጌ፦ የአንቺስ ትኬት?

ትርሲት፦ የለም። እኔ ወደሚቀጥለው መንደር እሄዳለሁ።

አንዳርጌ፦ ገና በሩን ስገባ "ትርሲትስ?" ነው የምትለኝ። ከእኔ ከልጇ ይልቅ አንቺን ትወዳለች። ምን ልበላት?

ትርሲት፦ ዛንዚባር ያደረግከውን እሳቸው አያውቁም፤ እንዳይነግሩብህ ሽማግሌዎቹን አስምለህ ነበር። አልጋ ላይ ለተዳከመ ሰው ደግሞ አይዋሽም። እኔ ለምን እንዳልመጣሁ፣ ራስህ ንገራቸው።