የከረሜላው ሰዓት

እትዬ አበዛሽ ሞጆ ለቅሶ ደርሰው ወደ አዳማ የሚመለሱበት ሚኒባስ ሊነሣ ሲል አንዲት ወጣት እየሮጠች መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ሲያላጋው የእትዬ አበዛሽ ፌስታል ከጉልበታቸው ላይ ወደቀና አንድ ክብ ዕቃ ከወንበሩ ሥር ተንከባለለ። ሪላክሰር ነበር፤ ከርዳዳ ፀጉር የሚያለሰልሰው ቅባት። ወጣቷ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ልትሰጣቸው ቀና ስትል ግን እጇ ባለበት ቀረ።

«እትዬ አበዛሽ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

እትዬ አበዛሽ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ሠላሳ ዓመት ፀጉር ሲሠሩ በእጃቸው ያላለፈ የአዳማ ጭንቅላት ጥቂት ነው። «አበዛሽ ፊት ትረሳለች፣ ጭንቅላት ግን አትረሳም» ይባልላቸዋል። የዚች ልጅ ጭንቅላት ደግሞ በሻሽ ተጠቅልሏል።

«አያንቱ ነኝ፤ የደራርቱ ልጅ። ግቢዎ ውስጥ ተከራይተን የነበርነው።»

«የደራርቱ! ያቺ ዝምተኛዋ ሕፃን!» አገላብጠው ሳሟት። «እናትሽ ደህና ናት? ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ ነው ቤቱን የለቀቀችው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን በድያት ይሆን እያልኩ እኖራለሁ።»

«ፈያ ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሞጆ ነው ያለነው። እኔም ኬሚስትሪ ተምሬ እዚያው አንድ ቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ዛሬ ወንድሜን ያደታን ልጠይቅ ነው፤ አዳማ ነው የሚማረው።» ስለ በደሉ የተጠየቀችውን አልመለሰችም። ዕቃውን ገና አልለቀቀችውም። «ይኼ ለማን ነው እትዬ?»

«ለእህቴ ልጅ፣ ለሊዲ። ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ አለች። አሁን በስንት ጸሎት ላንጋኖ አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ጠርቷታል። ሰኞ ነው ቃለ መጠይቁ። ትናንት ሹሩባዋን ፈታሁላትና ጭንቅላቷን በሚዶ ጫፍ ደህና አድርጌ አከክሁላት፤ ታጥባ አድራለች። ዛሬ ልክ እንደገባሁ አለሰልስላታለሁ።»

አያንቱ ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገሪ። መንገዱ እንደሆን አላለቀም።»

«የታከከ ጭንቅላት ዓይን የማያየው ቁስል ሞልቶታል። ስንታጠብ ደግሞ ቆዳችንን የሚጠብቀው ወዝ አብሮ ይሄዳል። እዚያ ላይ ዛሬውኑ ሪላክሰር ማድረግ ቁስል ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ ነው።»

የሙያ ሰው ሙያውን ሲነኩበት ስሙን ያጠፉት ይመስለዋል። እትዬ አበዛሽም ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እሳቸው ነጠላ ሲያስተካክሉ ለክርክር ተነሥተዋል ማለት ነው።

«የኔ ልጅ፣ ያቃጥላል እንዴታ! ካላቃጠለ አልያዘም። ወርቅስ በእሳት አይደል የሚነጥረው? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው ይህን የምሠራው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ እትዬ። ግን እኛ ፋብሪካ የፍየል ቆዳ ከነፀጉሩ ነው የሚገባው። ፀጉሩን በምላጭ የምናነሣው እንዳይመስልዎ። ኖራ ያለበት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሲወጣ ፀጉሩ ተገፍቶ ይረግፋል። ሪላክሰሩ የዚያ የኖራ ዘመድ ነው። ልኩን ሲቆይ ፀጉር ያለሰልሳል፤ ልኩን ሲያልፍ ፀጉር ይበጥሳል፤ አሁንም ሲያልፍ ቆዳ ይበላል። ማቃጠሉ ያዘልኝ የሚባልበት ምልክት አይደለም። ቆዳው ‹ድረሱልኝ› እያለ ነው።»

«እኔ ፍየል አላለሰልስም!» አሉ እትዬ አበዛሽ ጮክ ብለው። ከፊት የተቀመጡ ሰውዬ ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት።

አያንቱ አልሳቀችም። «ለመሆኑ ሰዓቱን በምን ይይዛሉ?»

«በከረሜላ ነዋ!» እትዬ አበዛሽ ይህን ሲናገሩ ደረታቸው ተነፋ። «ፀጉር ቤቱን በከፈትኩ ዓመት የግድግዳዬ ሰዓት ሞተ። ሴቱ ደግሞ አቃጠለኝ፣ እጠቢኝ እያለ ጆሮዬን አደነቆረኝ። አንድ አንድ ከረሜላ አጎርሳቸው ጀመር። አፋቸውም ይያዛል፤ ከረሜላው ሲያልቅ እኔም አጥባለሁ። ሰዓት ይቆማል፣ ከረሜላ ግን ቆሞ አያውቅም።»

አያንቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የመንገዱን ከባድ መኪናዎች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። እትዬ አበዛሽ የረቷት መሰላቸውና ደስ አላቸው። ደስ ሲላቸው ደግሞ ቸር ናቸው። አዳማ መነኻሪያ እንደወረዱ ክንዷን ያዙ።

«ነይ ቤት እንሂድ። ዓይንሽ እያየ ሠርቼ አሳይሻለሁ።»

አያንቱ ለወንድሟ እንደምትዘገይ በስልክ ነገረችውና ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

ሊዲ በረንዳው ላይ ወንበር፣ ፎጣና አንድ ባልዲ ውሃ አዘጋጅታ ትጠብቃለች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ የሰኞው ነገር እንቅልፍ ነሥቷታል። እንግዳዋ ማን እንደሆነችና የመንገዱ ክርክር ምን እንደነበር ስትሰማ ልቧ ከሁለት ተከፈለ። «እቴቴ፣ ቢያመኝም ግድ የለም» አለች። «ብቻ ሰኞ ፀጉሬ ተነሥቶ አያግኙኝ።»

አያንቱ ወደ እትዬ አበዛሽ ዞረች። «ከመጀመርዎ በፊት ከረሜላውን እንሞክረው። ለሦስታችንም አንድ አንድ ይስጡን። እያንዳንዳችን እንደ ልማዳችን እንብላ፤ ስልኬ ደቂቃውን ይቆጥራል።»

«በዚህማ አትረቺኝም» አሉና ከቀሚሳቸው ኪስ ሦስት ከረሜላ አወጡ።

ሊዲ ችኩል ናት፤ ገና እንደጎረሰችው ቀረጣጠፈችው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። እትዬ አበዛሽ የመንጋጋ ጥርስ ስለሌላቸው ከጉንጭ ጉንጭ እያዘዋወሩ መጠጡት። ስልኩ አሥራ ሦስት ደቂቃ አለ። ይኼኔ የፊታቸው ኩራት ትንሽ ቀነሰ።

«ያንቺስ አላለቀም?» አሏት አያንቱን።

«አላለቀም።»

አሥራ ስምንት ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆነ። «ኧረ ምን ዓይነት አበላል ነው! አሁንም አላለቀም?»

«አላለቀም እትዬ» አለችና የተጨበጠ እጇን ከፈተች። ከረሜላው አንዴ ተልሶ መዳፏ ላይ ተጣብቋል።

ሁለቱም ግራ ገብቷቸው ሲያዩዋት አያንቱ ሻሿን ፈታች። ከቀኝ ጆሮዋ በስተኋላ መዳፍ የሚያህል ቦታ ፀጉር የለውም፤ ቆዳው ተጨማድዶ ያብረቀርቃል።

«ስምንት ዓመቴ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የአክስቴ ሠርግ ደርሶ እናቴ እርስዎ ዘንድ ላከችኝ። ቅባቱን ቀቡኝና ከረሜላ አጎረሱኝ። ‹ያለቀሰ ልጅ ሁለተኛ ከረሜላ አያገኝም› አሉኝ። ያደታ አሞት ቤት ተኝቶ ነበር። ለእሱ ላስቀምጥለት ብዬ ከአፌ አወጣሁና በእጄ ጨበጥኩት። ሲያቃጥለኝ አላለቀስኩም። እርስዎ ከሌላ ሴት ጋር እየተጫወቱ ‹አላለቀም?› ይሉኝ ነበር፤ እኔም አላለቀም እላለሁ። እውነቴን ነበር፤ አላለቀም።»

እትዬ አበዛሽ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ያን ቀን አስታወሱት፤ ልጅቷ ስትታጠብ ትንፍሽ አለማለቷን ለጎረቤት ሁሉ እያሞገሱ አውርተውት ነበር።

«እናትሽ... ለምን አልነገረችኝም?»

«ይሉኝታ ያዛት። ‹ለልጄ ደግ አስባ የሠራችውን እንዴት ብዬ እወቅሳታለሁ› አለች። ቁስሉ ማመርቀዝ የጀመረው ማታውን ነው። ዝም ብላ አስታመመችኝ። እርስዎን ፊት ለፊት ማየት ግን ከበዳት። ለዚህ ነው ቤቱን የለቀቅነው።»

ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያኗኑረውም እሱ ነው። ግን ልክ እንደዚያ ቅባት ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ይበላል። ደራርቱ ያን ጊዜ አንድ ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ፣ ከአያንቱ በኋላ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ስንት ሴቶች ከስንት ቃጠሎ በተረፉ ነበር።

እትዬ አበዛሽ አለቀሱ። ተነሥተውም ጠባሳውን ሳሙት። «አፉ በይኝ ልጄ። ደንቆሮ ሆኜ ነው።»

«አፉ ብያለሁ፤ ቂምም አልያዝኩ። የሊዲን ነገር ስሰማ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።»

እትዬ አበዛሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ሊዲን በረንዳው ብርሃን ላይ አስቀምጠው ፀጉሯን እየከፈሉ ጭንቅላቷን መረመሩ። የሚዶው ጭረት ቀይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ቦታ ላይ ደም ረግቷል። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ያየው ግን አልነበረም።

«ዛሬ አይሆንም» አሉ፤ ፍርዱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ሊዲ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሰኞስ እቴቴ? ሁለት ዓመት ጠብቄ በፀጉር ልባረር?»

«ምን ያባርርሻል? ሠላሳ ዓመት ቅባት ብቻ ስቀባ የኖርኩ መሰለሽ?» አሉ እትዬ አበዛሽ፤ ድምፃቸው ተመለሰ። እሑድ ከሰዓት ፀጉሯን በውሃና በፀጉር ዘይት አርሰው፣ በሰፊ ጥርስ ሚዶ እያፍታቱ፣ ወደ ኋላ ሰብስበው እንደ አክሊል ጠቅልለው ሠሩላት። ሰኞ ጠዋት ሊዲ ላንጋኖ ወርዳ ማታውን ደወለች። እንግሊዝኛዋን፣ ኦሮምኛዋንና ፈገግታዋን ጠየቋት እንጂ ፀጉሯን ያነሣባት የለም። ከመጪው ወር መጀመሪያ ሥራ ግቢ ተባለች።

«እንግዲህ ማለስለሱ ይቅር?» አሏት እትዬ አበዛሽ።

«አይቅር። አሁን ለሰው ዓይን ሳይሆን እኔው ስለምወደው ነው። ግን በሕጉ።»

ሕጉን ለማወቅ እትዬ አበዛሽ በዘመናቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሊዲ እንድታነብላቸው ጠየቁ። ሲሰሙ አንዳንዱ ላይ «ይህንንም ጽፈውታል?» እያሉ ራሳቸውን ያዙ። ያልገባቸውን አያንቱን በስልክ ጠየቁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ጭረቱ ደረቀ። ለማለስለስ ከቆረጡበት ቅዳሜ አራት ቀን አስቀድመው ቅባቱን ከጆሮዋ ኋላ በጥቂቱ፣ ከፀጉሯም በአንዲት ዘለላ ብቻ ሞከሩት፤ ቆዳዋ አልቀላም፣ ፀጉሯም አልተበጠሰም። ቅዳሜ ዕለት ሊዲ፣ ከረቡዕ ጀምሮ ሳትታጠብና ሳትታከክ ቆይታ፣ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መስኮቱ ተከፈተ። እትዬ አበዛሽ ጓንት አጠለቁ፤ ግንባሯን፣ ጆሮዋንና ማጅራቷን ቫዝሊን ቀቡ።

ያን ቀን በሩ ተንኳኳና አያንቱ ገባች። ከኋላዋ ደግሞ ሽበት የጣለባት እናቷ ደራርቱ ነበረች።

«አካም ጅርታ፣ አበዛሽ?» ስትል ደህንነታቸውን ጠየቀች ደራርቱ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አይታወቅም። «ዝም ያልኩት ጥፋቴ ነው» ትላለች አንዷ፤ «ጥፋቱስ የኔ ነው» ይላሉ ሌላዋ። አያንቱ ናት ያስቆመቻቸው። «ጓንቱ! እትዬ፣ ቫዝሊኑ ልብሷን እንዳይነካ!» ሁሉም ሳቁ፤ እትዬ አበዛሽም ጓንቱን ቀየሩ።

«ድሮ ያለሰለስኩትን ጫፍ አልነካም፤ አዲስ የበቀለውን ብቻ ነው» እያሉ ቅባቱን ቀቡ፤ አያንቱን ለማስተማር ያህል ጮክ ብለው ነበር የሚናገሩት። «ቅባቱ የራስ ቆዳ ላይ አይታሽም። ስልኩ እስኪጮህ ነው፤ ዕቃው ላይ ከተጻፈው አንዲት ደቂቃ አላሳልፍም። ስልኩ ሳይጮህ ካቃጠለሽ ግን ሊዲ፣ ወዲያው ተናገሪ፤ ያን ጊዜ ስልኩንም አልሰማው።»

ስልኩ ሲጮህ ለብ ባለ ውሃ አለቀለቋት፤ ከቅባቱ ጋር በመጣው ሻምፖም ቅባቱ ጨርሶ እስኪለቅ ደጋግመው አጠቡ። የሊዲ ፀጉር ሲደርቅ ለስልሶ ትከሻዋ ላይ ተኛ። አንዲትም ዘለላ ባልዲው ውስጥ አልቀረችም፤ እሷም አንድ ጊዜም «እህ» አላለችም።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ማንም ሴት ካላቃጠለ አልያዘም አትልም። እትዬ አበዛሽ የተጫረ ጭንቅላት ካዩ ይመልሳሉ፤ ካለሰለሰች ሁለት ወር ሳይሞላት የመጣችውን ይመልሳሉ፤ ሂና ተቀብታ እንደሆን ሳይጠይቁ ማንንም አይነኩም፤ ሕፃን ልጇን አለስልሱልኝ ብላ የመጣችውንማ ከነቁጣቸው ነው የሚሸኙት። የሚመጡት ሴቶች ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ። የሰው ፀጉር ከሥሩ አይረግፍም፣ ጆሮ ግንድ አይቆስልም፤ ጎረቤትም ሳይሰናበት ቤት አይለቅም።

ያን ቅዳሜ ግን ሊዲ ከታጠበች በኋላ የሆነ፣ ሳልናገር ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። እትዬ አበዛሽ በልማድ እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱና ከረሜላ አወጡ። ከዚያ ወደ አያንቱ ሄደው ሰጧት።

«አንድ ከረሜላ ቀርቶብሻል፤ ያደታ ነው የበላልሽ» አሏት። «እንደፈለግሽ አጣጥመሽ ብይው። ሰዓቱን እኔ ይዣለሁ።»

አያንቱ ወረቀቱን ፈታ ከረሜላውን ጎረሰችው። ሁለቱም እጆቿ ባዷቸውን ጉልበቷ ላይ ተዘርግተው ነበር።