ከኮንጎ ጫማ ትል የሠሩት የአቶ ፈንታው እሸቴ ዜና ሕይወት

አቶ ፈንታው እሸቴ ከአባታቸው ከአቶ እሸቴ አራጌና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘሊካ በ1968 ዓ.ም. በሮቢት ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስላረፉ፣ እናታቸው ወደ ሙስሊም ወገኖቻቸው ተመልሰው አቶ በድረዲንን አግብተው ወ/ሮ ራቢዓን ወለዱ። አቶ ፈንታው በአባታቸው በክርስትና፣ እኅታቸው በእናታቸው ሃይማኖት ስላደጉ፣ ሥጋ በተሠራ ቁጥር የአንድ ማኅፀን ልጆች በሁለት ትሪ ይበሉ ነበር፤ ይህችም ነገር አቶ ፈንታውን ዕድሜ ልካቸውን እንደ እሾህ ስትወጋቸው ኖረች።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢማሩም ተቀምጦ መዋል እስር ስለሆነባቸው፣ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥለው ከቆቦ ዋጃ፣ ሲላቸውም እስከ ሐይቅ በረዳትነት ሲከንፉ ወጣትነታቸውን አሳለፉ። ወ/ሮ ቆንጅትንም ያዩዋቸው ጎብዬ ላይ ጎማ ፈንድቶ መኪናው በቆመበት ሰዓት ነበር፤ «ጎማው ደኅና ቢሆን ኖሮ ማን ያገባው ነበር!» እያሉ ባለቤታቸው ሲተርቧቸው ኖረዋል።

ዓሣ የእስላም ቢላዋ፣ የክርስቲያን ቢላዋ አይባልበትምና፣ አቶ ፈንታው አንድ ቀን ከጎሊና ወንዝ አጥምደው ለእኅታቸው ወሰዱ። ወ/ሮ ራቢዓ ግን ሆዱን ሲከፍቱት ለማጥመጃ የገባውን የምድር ትል እንዳለ ስላገኙት፣ «ወንድምዓለም፣ ትል የጎረሰውን እኔ አልጎርስም» ብለው ከነሳህኑ መለሱላቸው።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የት አለ! ሐይቅ ዳር አንድ እንግዳ በለስላሳ የላስቲክ ትል ሲያጠምድ አይተው ስለነበር፣ የኮንጎ ጫማ በቲማቲም ጣሳ አቅልጠው፣ በዘይት አለስልሰው፣ በጭቃ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱ ጀመር። የመጀመሪያው ደርቆ ተሰበረ፤ ቀጥሎ የቀለጠው ደግሞ ወ/ሮ ቆንጅት ለጥምቀት የገዙት አዲሱ ጫማ ሆኖ ተገኘ። የሰፈሩ ጎረምሳ «ጋሽ ፈንታው፣ ዓሣውን ጫማ ሊያለብሱት ነው?» እያለ ቢያላግጥም፣ ጭራውን እንደ ሣር ቅጠል አቅጥነው፣ መንጠቆ ሰክተው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ያ ትል በእጅ ሲይዙት የጫማ ቁራጭ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲጎትቱት ግን እየተርገበገበ ነፍስ ይዘራል፤ ካረፈ አንድም ዓሣ አይነካውም። አገሩ ሁሉ «ፈንታው ራሱን ቀርጾ ሠራ» ያለው ስለዚህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ሆዱ ንጹሕ የሆነ ዓሣ ለወንድምና እኅቱ በአንድ ትሪ ቀረበ። ሆኖም አቶ ፈንታው ሁለት ጉርሻ ውጠው ብድግ ስለሚሉ፣ ወ/ሮ ራቢዓ ሁልጊዜ «ትሪውን አንድ አድርገህ፣ አንተ ደግሞ ወዴት?» ሲሉ ከኋላቸው ይጮኹ ነበር።

የቀለጠ ጫማ ጭስ ይሁን ሌላ ሐኪሞች ሳይለዩት፣ በ2009 ዓ.ም. ሳንባቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። ቀድሞ ትል የተጸየፉት ወ/ሮ ራቢዓ ነጠላቸውን ታጥቀው፣ የወንድማቸውን ዘንግና የላስቲክ ትል ይዘው ጎሊና ወረዱና በገዛ እጃቸው አጥምደው መጡ። አቶ ፈንታው ተደግፈው ተቀመጡ፤ ትሪው እስኪጠረግ ድረስም አልተነሡም። በማግስቱ አረፉ።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ ቆንጅትን፣ ልጆቻቸውን አላምረውንና አባይን፣ እኅታቸውን ወ/ሮ ራቢዓን ትተው ሄደዋል። መቀመጥ ያልሆነላቸውን ሰው ፈጣሪ በደጁ ያስቀምጥልን፤ አጠገባቸው ወራጅ ውሃ አይጥፋ። በዚህ በኩል አሜን፣ በዚያ በኩል አሚን በሉላቸው።