ከሬዲዮናችሁ በስተግራ

ወደ ሰበታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ነጭ ዘንግ የያዙ ዓይነ ስውር አዛውንት ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«ሹፌር፣ የክለባችንን ጨዋታ ክፈትልን እንጂ!»

«ጋሼ፣ ዘንድሮ በሬዲዮ የለም። የማስተላለፍ መብቱን የወሰደው ቴሌቪዥን ብቻ ነው።»

«ቴሌቪዥንማ ቤቴም አለ። ተናጋሪው ‹እንደምታዩት› ይልና ዝም ይላል። የሬዲዮው ነበር ‹ከሬዲዮናችሁ በስተግራ› እያለ ሜዳውን የሚያሳየኝ።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ጨዋታውን በስልኳ ከፈተች።

«አባባ፣ እኔ ልንገርዎ። ከሬዲዮዎ በስተግራ አንዱ ኳስ ይዞ እየሮጠ ነው... ውይ፣ ጣሉት!»

«ማንን?»

«ስማቸውን እንኳን አላውቅም። ረጅሙን።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ቀጥይ።»

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ረጅሙ እስኪነሳ ጠበቅሁ።